ከጣሳው የወጡ ሳንቲሞች

(በአንድ የተማሪዎች የቅርስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከመድረክ እንደተነገረ ተጽፏል።)

እንደምን አመሻችሁ!

ከኋላ ያላችሁት አልተሰማችሁም። እንደምን አመሻችሁ? ጎሽ፣ አሁን ሰማሁ።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ መምህራን፣ የክበቡ ልጆች፤ ስለጋበዛችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰብሳቢያችሁ ስትደውልልኝ «ጋሼ፣ ከመሬት ስለሚወጡ የድሮ ሳንቲሞች አሰባሰብ ምክር ይስጡን» ነበር ያለችኝ። እሺ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቄ መጣ። ምክር ስጥ የተባለው ሰው በዚሁ ጉዳይ ንስሐውን ገና አልጨረሰም። ስለዚህ ዛሬ የምትሰሙት ግማሹ ምክር፣ ግማሹ ኑዛዜ ነው።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ሳንቲሞች ምንድን ናቸው? ሁለተኛ፣ እኔ ምን አደረግኋቸው? ሦስተኛ፣ እናንተ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? በመሐል ከመንገድ ልወጣ እችላለሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ቀጥ ብሎ መናገር አይሆንለትም፤ ቻሉኝ።

እሺ፣ አንደኛው።

የማወራው ስለ አክሱም ሳንቲም ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ270 ገደማ ንጉሥ እንድቢስ በስሙ ገንዘብ አሳተመ። ከእሱ በኋላ እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም ሲያሳትሙ ኖሩ። ከ300 ዓመት በላይ ማለት ነው። አስቡት እስቲ። በዚያ ዘመን የወርቅ ሳንቲም ማሳተም ለማንም የሚቻል ነገር አልነበረም። ሮም ታሳትማለች፣ ፋርስ ታሳትማለች፣ በህንድ በኩል ኩሻኖች ያሳትሙ ነበር። አክሱምም አሳተመች።

አንዱን የወርቅ ሳንቲም በዓይናችሁ ላሳያችሁ። የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። የኋለኞቹ ክብደታቸው 1.6 ግራም ገደማ ነው። ሲያዩት ግርማ አለው፣ ሲያነሱት ግን ላባ ነው። ንጉሡ በጎኑ ይታያል፤ በአንዱ ፊት ዘውድ ደፍቷል፣ በሌላው ፊት ሻሽ አስሯል። ግራና ቀኙን ደግሞ ምን እንደከበበው ታውቃላችሁ? አንበሳ ነው? ጦር ነው? አይደለም፤ ሁለት የእህል ዛላ ነው! ገበሬ አገር መሆኑን ንጉሡ አልደበቀም። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከላይ፣ ከራሱ በላይ ደግሞ ምልክት አለ። በፊተኞቹ ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክብ ነው። ንጉሥ ኢዛና መጀመሪያ ያሳተማቸው ጨረቃ አላቸው። በኋላ ያሳተማቸው መስቀል አላቸው። አንድ ንጉሥ፣ ሁለት ምልክት። መጽሐፍ ቢጠፋ፣ ሐውልቱ ቢወድቅ፣ ይህች አገር መቼ ክርስቲያን እንደሆነች የሚነግረን ከጥፍር የማይበልጥ ወርቅ ነው። መስቀልን በሳንቲም ላይ ካኖሩ ከዓለም ቀደምት ነገሥታት አንዱ የእኛው ነው።

ጽሑፉስ? የወርቁ በአብዛኛው በግሪክኛ ነው። ለምን? ወርቁ ወደ ውጭ የሚሄድ ነዋ! ቀይ ባሕር ላይ የሚነግደው ሰው የሚያነበው ግሪክኛ ነው። መዳቡ ግን እዚሁ ገበያ ውስጥ ነው የሚዞረው። እና መዳቡ ላይ ቀስ በቀስ ግዕዝ ገባ። በሳንቲም ላይ በግዕዝ መጻፍ የጀመረው ንጉሥ ወዜባ ነው። ከኢዛና በኋላ ባሉት አንዳንድ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ፣ በግሪክኛ ቢሆንም፣ ምን ተጽፏል መሰላችሁ? «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ።» የመጨረሻው ሳንቲም አሳታሚ ንጉሥ አርማሕ ደግሞ በግዕዝ «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» ብሏል። ለሕዝብ ደስታ ይሁን ማለት ነው። ይህ የተጻፈው በወርቁ ላይ አይደለም፤ በመዳቡ ላይ ነው። ጨው ልትገዛ ገበያ የወጣች ሴት እጅ ላይ በሚገባው ላይ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። የአክሱም ባለሙያዎች በብርና በመዳብ ሳንቲም ላይ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ሙሉውን አይደለም። ከንጉሡ ራስ ጀርባ ትንሽ ክብ፣ ወይም መስቀሉ መሐል ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ። በእንዲህ ያለች ጠባብ ቦታ ላይ ወርቅ መለበጥ ማለት ምን ዓይነት ዓይን፣ ምን ዓይነት እጅ ነው? ይህቺን የወርቅ ነጥብ ልብ በሏት። ኋላ እመለስባታለሁ፣ በኀፍረት።

ሁለተኛው ነገር። ጣሳዬ።

መምህር ሆኜ የተመደብኩት ከአክሱም ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ገና ወጣት ነኝ። ታሪክ አስተምራለሁ። መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ። አንድ ጠዋት አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እጁን ጨብጦ መጣ። «መምህር፣ ይህን አገኘሁ» አለኝ። መዳፉን ከፈተው። ጭቃ የያዘች ክብ ነገር። ክረምቱ ማሳውን ሲያጥበው ብቅ ያለች ናት። ልጆቹ ከብት ሲጠብቁ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ማሳ ላይ ሳንቲም ማግኘት በዚያ አገር ብርቅ አይደለም።

ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ! ለልጁ እስክሪብቶ ሰጠሁት።

ስህተቱ እዚህ ጋ ጀመረ።

በሳምንቱ አራት ልጆች መጡ። በወሩ አሥራ አንድ። እኔም እስክሪብቶ በፓኮ መግዛት ጀመርኩ። ሳንቲሞቹን የምከታቸው ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነበር። ማታ ማታ ፋኖስ አብርቼ ጠረጴዛ ላይ እዘረግፋቸዋለሁ። እቆጥራለሁ። እደረድራለሁ። እንግዳ ሲመጣ ጣሳውን ነቅነቅ አደርግለትና ድምፁን አሰማዋለሁ። ሰብሳቢ ሆንኩ፣ በቃ። ከእናንተ መሐል ሰብሳቢ የሆነ ሰው ካለ ስሜቱን ያውቀዋል። አንዱን ስታገኝ የሚቀረው ነው የሚታይህ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ወደ ገበያ ስሄድ በእርሻ መሐል አቋረጥኩ። የፈረሰ የድንጋይ ግንብ አለ፣ ግማሹ አፈር የተጫነው። ሥሩ ጉድጓድ አየሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ሦስት የሚንቀሳቀሱ ጀርባዎች። የእኔ ተማሪዎች ናቸው። በእንጨትና በማረሻ ስባሪ እየቆፈሩ ነው። ግንቡ ሥር ያለው ድንጋይ ተፈነቃቅሏል። የገል ስባሪ በየቦታው ተበትኗል።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኳቸው።

ትንሹ ቀና አለ። ፊቱ አፈር በአፈር ነው። «እስክሪብቶ እየፈለግን ነው» አለኝ።

አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያንን ግንብ 1,400 ዓመት ጦርነት አላፈረሰው፣ ዝናብ አልጨረሰው። እኔ በፓኮ እስክሪብቶ አስፈረስኩት። ሌባ አይደለሁም፣ ነጋዴ አይደለሁም፣ ታሪክ የምወድ መምህር ነኝ። ግን ዋጋ አወጣሁለት። ዋጋ ሲወጣለት ደግሞ የሚቆፍር አይጠፋም። እናንተ ዛሬ ለአንድ ገበሬ ወይም ለአንድ እረኛ ልጅ «ካገኘህ አምጣልኝ፣ ሻይ እልሃለሁ» ስትሉ ያንን ጉድጓድ እየቆፈራችሁ ነው። ትንሽ ነው አትበሉ። የእኔም አንድ እስክሪብቶ ነበረች።

አሁን ወደ ወርቋ ነጥብ።

ከጣሳዬ ውስጥ አንዷ ከሌሎቹ ትለያለች። መዳብ ናት፣ አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። ከንጉሡ ራስ ጀርባ ግን በዝገቱ ስንጥቅ በኩል የሆነ ነገር ያብለጨልጫል። የመርፌ ጫፍ ታክላለች። ወርቅ! ልቤ መታ። ምን ላድርግ? የቤት አከራዬን ጠየቅኳቸው። አቦይ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። «የእኔ እናት የብር ጌጧን በሎሚና በአመድ ነበር የምታጥበው» አሉኝ። ሎሚ ገዛሁ። ሳህን ላይ ጨመቅሁ። ሳንቲሟን ነከርኳት፣ አመድ ነሰነስኩባት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኋት።

ውኃው አረንጓዴ ሆነ። ደስ አለኝ፤ ቆሻሻው እየለቀቀ ነው ብዬ። ጨምሬ ፈተግሁ። ከዚያ በጨርቅ ጠርጌ ወደ ብርሃን ያዝኳት። ሮዝ ሆናለች። አዲስ የመብራት ሽቦ ውስጡ ምን ይመስላል? እንደዚያ። ንጉሥ የለም። የእህል ዛላ የለም። ፊደል የለም። የወርቋ ነጥብም ሳህኑ ውስጥ ካለው አረንጓዴ ጭቃ ጋር ሄዳለች። በጣቴ ጭቃውን ሳስስ አመሸሁ። አላገኘኋትም።

ለምን እንዲህ ሆነ? ያኔ አላወቅሁም፣ በኋላ ባለሙያ አስረዳኝ። መዳብ መሬት ውስጥ መቶ ዓመታት ሲቆይ ላዩ ወደ ዝገት ይለወጣል። ንጉሡም፣ ፊደሉም የተቀረጹት ላዩ ላይ ነው። ስለዚህ ያ አረንጓዴ ነገር ሳንቲሙ ላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም፤ የሳንቲሙ ፊት ራሱ ነው። ሎሚ አሲድ ነው። አሲዱ ፊቱን አሟሟው። ባለሙያዎች እንኳ ሲያጸዱ በማጉያ መነጽር ሥር፣ በትንሽ ስለት፣ ነጥብ በነጥብ ነው፤ አንዳንዱን ጨርሶ አይነኩትም። ስለዚህ ሎሚ የለም፣ ኮምጣጤ የለም፣ አሸዋ የለም፣ ብሩሽ የለም፣ የወርቅ ቤት ማጠቢያ የለም። ጭቃ ከያዘ ይድረቅ። ደረቅ ወረቀት ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። እርጥበት የሚወድ ሌላ በሽታም አለ፤ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁበት ሳንቲሙ ከውስጥ እየተበላ ነው። እሱን ከሌሎቹ ለዩት፣ ለባለሙያ ንገሩ። በቃ።

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ኑዛዜዬ ሦስተኛ ክፍል አለው፤ ዋናውም እሱ ነው።

ከዓመታት በኋላ ጣሳዬን ይዤ አንድ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። 43 ሳንቲሞች። አንዷ የሎሚዋ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። ልክ ነበርኩ እንዲባልልኝ ፈልጌ ነው እንጂ ሌላ ምን! ሰውየው መነጽሩን አደረገ። አንዷን በጠርዟ አነሳ። አገላበጣት። ቀና ብሎ አየኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«የት ተገኘች?»

እዚያው አካባቢ ነው አልኩት።

«እሺ፣ ይቺስ?»

እሷም እዚያው።

«ከማሳ ላይ ናት ወይስ ከግንቡ ሥር? ከሷ ጋር ገል ነበር? አጥንት? ከሰል? ጥልቀቱ?»

ዝም።

አርባ ሦስቱንም ጠየቀኝ፣ እመኑኝ። በትህትና ነው፣ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጆቹ አድገዋል፣ ተበታትነዋል። ማን የቱን ከየት እንዳመጣ የማውቀው ነገር የለም። ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ ቀላቅያቸዋለሁ። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቀና «ሳንቲሞቹ ደኅና ናቸው፤ የጠፋው የቀረው ነገር ሁሉ ነው» አለኝ።

ያኔ አልገባኝም። የቀረው ምን አለ? ሳንቲሙ ይኸው! አሁን ግን ገብቶኛል፣ ለእናንተም እንዲገባችሁ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንድ የድሮ ቤት ወለል አለ እንበል። መቼ እንደተነጠፈ የሚያውቅ የለም። ባለሙያው ድንጋዩን በጥንቃቄ ያነሳል። ከሥሩ የንጉሥ ካሌብ ሳንቲም አገኘ። ካሌብ የነገሠው በ6ኛው መቶ ዘመን ነው። እንግዲህ ወለሉ ከካሌብ በፊት ሊነጠፍ አይችልም፤ ሳንቲሙ አስቀድሞ ካልተሠራ ከሥሩ አይገኝም። አያችሁ? አንዲት መዳብ ወለሉን፣ ወለሉ ቤቱን፣ ቤቱ ሰፈሩን ዕድሜ ሰጠው። ያቺን ሳንቲም አንድ ልጅ አውጥቶ ለእስክሪብቶ ቢሰጠኝስ? ሳንቲሟ ያው ናት። ካሌብም ያው ካሌብ ነው። ወለሉ ግን ዕድሜ የለውም። ቤቱም፣ ሰፈሩም።

ግን ጥንቃቄም አለው። ማሪያ ትሬዛ ብርን ታውቃላችሁ? አያቶቻችሁ ቤት አይታችኋል፤ ሴትየዋ ደረቷ ሞላ ብሎ፣ ከጀርባ ባለ ሁለት ራስ ንስር። አንድ ሰው በኩራት «ይህ የ1780 ነው፣ ተጽፎበታል» ብሎኝ ያውቃል። እውነት ነው፣ 1780 ተጽፎበታል። ችግሩ ሁሉም ላይ 1780 ነው የተጻፈው! ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በ19ኛውም በ20ኛውም መቶ ዘመን ሲታተም ያንኑ ዓመት ይዞ ነው። ዓመቱ ቢለወጥ የእኛ ነጋዴ አይቀበለውማ! ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ሳንቲሙ መሬት የገባበት ቀን አይደለም። ሳንቲም ከተሠራ በኋላ መቶ ዓመት ሊዞር ይችላል። መቼ እንደወደቀ የሚነግረን አፈሩ ነው፣ አጠገቡ ያለው ገል ነው፣ ከሰሉ ነው።

መሬት ውስጥ እንዴት ገቡ? ይህንንም ልብ በሉ። መዳቡ አብዛኛው የወደቀ ነው። ከኪስ፣ ከመቀነት፣ ገበያ ላይ። ማንም ጎንበስ ብሎ አልፈለገውም። ወርቁ ግን የሚደበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የመን ውስጥ፣ ከኤደን ብዙ በማይርቅ አልማዳሪባ የሚባል ቦታ፣ ከ800 በላይ የአክሱም ወርቅ ከሮም ወርቅ ጋር አንድ ላይ ተቀብሮ ተገኝቷል። የአንድ ሰው ሀብት? የጦር ገንዘብ? ወርቁ አብሮ ስለተገኘ ነው ይህን መጠየቅ የምንችለው። ሰው አንድ አንዱን ቢወስደው ኖሮ 800 የተለያዩ ጌጦች ይሆኑ ነበር።

የደብረ ዳሞን ታሪክ ሰምታችኋል? እ.ኤ.አ. በ1940 እዚያ ገዳም አካባቢ ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። የአክሱም አይደሉም። የኩሻኖች ናቸው፤ ከህንድ በኩል! ከባሕር ማዶ ወርቅ መጥቶ በገመድ የሚወጣ አምባ ላይ። ይህን ያህል መንገድ የተጓዙ ሳንቲሞች ዛሬ የት አሉ? አይታወቅም። ጠፍተዋል። የቀረን ስለ እነሱ የተጻፈው ነው። ያየ ሰው ባይጽፍ ኖሮ መኖራቸውንም አናውቅም ነበር።

ተቃራኒውን ደግሞ ስሙ። ከየሓ አጠገብ ቤተ ሰማዕቲ የሚባል ጉብታ አለ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ይህ ቦታ ዝም ብሎ አፈር አይደለም ይሉ ነበር። ባለሙያዎች ሰምተው ቆፈሩ፤ በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ድንጋይ ያለው የወርቅ ቀለበትም ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓለም ተነገረ። ያ ቀለበት ገበያ ወጥቶ ቢሆን ምን ነበር? ቀለበት! ቆንጆ ቀለበት። አሁን ግን ከየትኛው ሕንጻ እንደወጣ ይታወቃል። በመስቀሉ አጥቢያ የበሬውን ምስል ያደረገው ሰው ማን ነበር ብለን እንጠይቃለን።

እሺ፣ ሰዓት እየሄደ ነው። ሦስተኛው ነገር፤ ይህንን በፍጥነት እለዋለሁ።

ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ሕጉን እወቁ። ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ለመንገድ፣ ለቤት መሠረት ወይም በሌላ አጋጣሚ ስትቆፍሩ ቅርስ ካገኛችሁ ወዲያው አሳውቁ፣ እስኪረከቧችሁም ሳይነካካ ጠብቁ ይላል። ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር የለም። ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ገዝቶ ማሳ ለማሳ መዞር «ሆቢ» አይደለም። ለንግድ ብሎ ቅርስ መግዛትም ክልክል ነው። ይህን ሁሉም ሰው ሰምቷል። ያልሰማችሁት ግን እዚያው አንቀጽ 41 ውስጥ አለ፤ በአጋጣሚ ያገኘውን ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት ይሰጠው፣ ያወጣው ወጪም ይተካለት ይላል። ለገበሬዎቻችን ይህን ንገሯቸው! ገበሬው ቢናገር ማሳዬ ይወሰዳል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱን አትናቁት፤ ከማሳው ሌላ ምን አለው? ግን ዝም ብሎ ለደላላ ሲሰጥ ደላላው የሚከፍለው ስንት ነው? 1.6 ግራም ወርቅ እኮ ነው። የአንድ የጆሮ ጉትቻ አይሞላም።

ደላላ ካነሳሁ አይቀር፣ «ኦሪጅናል ነው» እያለ የሚያሳያችሁ ብዙው ፎርጅድ ነው። በማጉያ እዩት። በቅርጽ ተገልብጦ የፈሰሰ ከሆነ ላዩ ላይ የአየር ቀዳዳዎች ይኖራሉ፣ ፊደሉ የቀለጠ ሳሙና ይመስላል፣ ጠርዙ ላይ የሁለት ግማሽ መገናኛ መስመር ይታያል። ይህን የምነግራችሁ እንድትገዙ አይደለም። እንዳትገዙ ነው፤ እውነተኛም ቢሆን፣ ፎርጅድም ቢሆን።

እና የተገኘውን ነገር በተቻለ መጠን አትንኩ። ካልተቻለ፣ ጎርፍ ሊወስደው ነው ወይም ከብት ሊረግጠው ነው እንበል፣ ከማንሳታችሁ በፊት ባለበት ፎቶ አንሱት። ዛሬ ሁላችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ካሜራ አለ፤ እኔ አልነበረኝም። ስልኩ ቦታውን በካርታ ይመዘግባል። አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ፣ ለመጠን። አዎ፣ እስክሪብቶ! ቢያንስ ለአንድ ቁም ነገር ይዋል። ከዚያ ጻፉ። ቀኑ፣ የማን ማሳ፣ ከየትኛው ዛፍ ስንት እርምጃ፣ አጠገቡ ምን ነበር። አንድ ሳንቲም፣ አንድ ወረቀት። ሁለት ሳንቲም አንድ ፖስታ ውስጥ አይገባም። ጣሳ ውስጥማ ፈጽሞ! ከዚያ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ወይም ወደ ቅርስ ባለሥልጣን።

ደረሰኝ ተቀበሉ። እኔ 43ቱን ሳስረክብ ደረሰኝ ተሰጥቶኛል። እቤቴ አለ። «43 ሳንቲም፤ የተገኙበት ቦታ የማይታወቅ» ይላል።

ግን ሌላም ደረሰኝ አለኝ። እሱን ልንገራችሁና እወርዳለሁ።

ከዚያ የጉድጓዱ ቅዳሜ በኋላ ሰኞ ክፍል ገባሁ። እስክሪብቶ ቀረ አልኳቸው። አጉረመረሙ። «ከዛሬ ጀምሮ አንስቶ ለሚያመጣልኝ ምንም የለም። አይቶ፣ ሳይነካ፣ መጥቶ ለሚጠራኝ ግን እኔ ራሴ አብሬው እሄዳለሁ» አልኳቸው። ሳምንታት ማንም አልመጣም። እሺ፣ ነገሩ አበቃ አልኩ።

ጥቅምት ላይ ያ መጀመሪያ ሳንቲም ያመጣልኝ ልጅ በእረፍት ሰዓት እየሮጠ መጣ። እጁ ባዶ ነው። «መምህር፣ አልነካሁትም» አለኝ። አብሬው ሄድኩ። የአባቱ ማሳ ጠርዝ ላይ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ። እንዳይጠፋበት ዙሪያውን ሦስት ድንጋይ ደርድሯል። ጎንበስ አልን። አፈሩ ውስጥ ግማሽ የተቀበረች መዳብ። ዝናቡ ፊቷን አጥቦታል። ንጉሥ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፣ መስቀል ይዟል። እንደዚያ ሙሉ ሰውነቱ ተቀምጦ የሚታየው ንጉሥ አንድ ብቻ ነው።

ልጁ በደረቱ ተኛ። ዓይኑን አስጠግቶ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛ ክፍል ነው እኮ። ፊደል የቆጠረው ከቄስ ነው። የድሮ ሰዎች አናባቢ ስላልጻፉ ሁሉም በግዕዝ ቤት ነው። «ነ… ገ… ሠ» አለ። ቆመ። በጣቱ አፈሩን ሳይነካ አየር ላይ ተከተለው። «አ… ረ… መ… ሐ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «መምህር፣ ማን ነው?»

ነገርኩት። ንጉሥ አርማሕ ይባላል አልኩት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ አብረን ጻፍን። ከትልቁ የዳዕሮ ዛፍ ወደ ወንዙ 62 እርምጃ። እርምጃውን የቆጠረው እሱ ነው፤ እሱ አጭር ስለነበረ «የልጅ እርምጃ» ብዬ ጽፌያለሁ። አጠገቧ ሁለት የገል ስባሪ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። እነሱንም አልነካንም።

ያቺ ሳንቲም ብቻዋን ነው የተረከቧት። ብቻዋን፣ በፖስታዋ፣ ከወረቀቷ ጋር። ደረሰኙ ላይ «ያገኘው» በሚለው ቦታ የልጁ ስም ነው የተጻፈው። የእኔ ስም «አብሮ የነበረ» በሚለው ሥር ነው።

እኔ ጨረስኩ። እባካችሁ መብራቱን አብሩልን፤ የሳንቲሞቹን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፣ መጥታችሁ እዩ። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ። አንተ፣ ከኋላ፣ ቀይ ሹራብ ያደረግከው።